ውርጭ ሳይመጣ ጓሮን ማሰናዳት

ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩ አይምርም። መስከረም ሳያልቅ ጀምሩ። ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላን ለማቃጠል አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ስለዚህ በሶብላውን ቀድማችሁ ቁረጡና ጥላ ውስጥ አድርቁት። ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ይችሉታል። ጦስኝና ጤና አዳምም ብርዱን አይፈሩም፣ ውሃ ብቻ አታብዙባቸው።

ዋናው ነገር ሰማዩን ማየት ነው። ማታ ደመና ከሌለና ነፋሱ ጸጥ ካለ ውርጭ ጠብቁ። እንዲህ ያለ ሌሊት የሚመጣ ከመሰላችሁ ቀን ላይ ሥሩን አጠጡ፣ እርጥብ አፈር የፀሐዩን ሙቀት ይዞ ያድራልና፤ ቅጠሉን ግን አታርጥቡ። አመሻሽ ላይ ለጋውን በጭድ ወይም በጆንያ ሸፍኑት፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ግለጡት። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ከፍ አድርጉት።