ቲዩብ ቤዝ አምፕና የስፒከር ኦም፦ ችግርና መፍትሄ

ድምፁ ፈዘዘ፣ ቤዙ ላላ፣ ግን አይቆራረጥም።
የኦም መምረጫውን እዩ፤ ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት ልክ ነው። ባለ 8 ኦም ካቢኔት ላይ ሌላ ባለ 8 ስትጨምሩ 16 አይሆንም። በፓራለል (ጎን ለጎን) ስለሚገናኙ 4 ነው፤ መምረጫውም 4 ላይ ይሁን። ሁለት ባለ 4 ደግሞ 2 ይሆናሉ። አምፑ ላይ 2 የሚል ከሌለ አንዱን ንቀሉት፣ በቃ። 8 እና 4 ሲደባለቁ 2.7 ገደማ ይመጣል፤ ባለ 4ቱ የባለ 8ቱን እጥፍ ኃይል ስለሚወስድ እሱን ጠብቁት። መምረጫው የሚዞረው አምፑ ጠፍቶ ነው። እየተጫወቱ የሚያዞሩ አሉ፣ ምን ይባላል!

የፓወር ቲዩቦቹ (ስፒከሩን የሚነዱት የመስታወት ቲዩቦች) ወጥተውም ፊውዝ ይቃጠላል።
ከኦም ጋር አይገናኝም። ፓወር ትራንስፎርመሩንና ሬክቲፋየሩን (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን) ፈትሹ።

ድምፅ መጣ ሄደ አለ፣ ከጀርባ ጠሽ ጠሽ አደረገ፣ ከዚያ ፊውዙ ሄደ።
አሁን ወደ ዋናው መጣን። እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ይሄ ነው። ባለቤቱ አዲስ ቲዩብ ገዝቶ ከትቷል፣ ፊውዙ ግን እንደገና ተቃጥሏል። አንዱ ፊውዙን በሲጋራ ፎይል ጠቅልሎት መጣ፤ ፊውዙ ተርፎ ትራንስፎርመሩ ነደደ።

ጥፋተኛው ከአምፑ ወደ ካቢኔቱ የሚሄደው ገመድ ነው። ሰው የጊታር ኬብል ይሰካበታል፣ ጃኩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባላ። 300 ዋት በ4 ኦም ሲወጣ ወደ 8.7 አምፔር ይፈሳል፣ የጊታር ኬብል የመሃል ሽቦ ደግሞ ፀጉር ነው። ይሞቃል፣ ይላቀቃል። ትራንዚስተር አምፕ ስፒከር ባይኖረውም ግድ የለውም፤ ቲዩብ ግን ጭነቱ፣ ማለትም ስፒከሩ፣ ሲጠፋ የአውትፑት ትራንስፎርመሩ ቮልቴጅ ወደ ሺዎች ይተኮሳል። በዲአይ (ድምፁን ያለ ስፒከር በቀጥታ በሚያወጣው መውጫ) ወደ ሚክሰር ገብቻለሁ ብላችሁ ስፒከሩን የምትነቅሉም ስሙ፤ ያው ነው።

6550 የሚባለው ፓወር ቲዩብ ሶኬት ላይ በ2 እና በ3 ቁጥር ፒን መካከል በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ካያችሁ እሳት ዘሏል ማለት ነው። አትፋቁት። ከሰሉ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሶኬቱ ይቀየር። ውስጥ እጅ ከመክተታችሁ በፊት ግን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ባዶ መሆናቸውን በቴስተር አረጋግጡ፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም የሚገድል ቮልቴጅ ይይዛሉ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ገመዱን ከአምፑ ንቀሉ፣ ካቢኔቱ ላይ እንደተሰካ ይቆይ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ የነቀላችሁትን ጃክ ጫፍና አንገት ንኩ። ባለ 8 ካቢኔት 6 አካባቢ፣ ባለ 4 ደግሞ 3 አካባቢ ያሳያል፤ ከተጻፈው ማነሱ ጤናማ ነው። ሁለት ባለ 8 አንዱን በሌላው በኩል ሰክታችሁ 6 ካነበበ አንዱ ካቢኔት አልተገናኘም። ከዚያ ገመዱን አወዛውዙት። ቁጥሩ ከዘለለ ጣሉት፣ አትጠግኑት።

ውፍረቱም አያታልላችሁ። ስፒከር ኬብል ተብሎ የተሸጠ፣ ጣት የሚያክል ገመድ ቆርጬ አይቻለሁ፤ ከላይ ጎማ፣ ውስጡ ያው ፀጉር። የሚፈለገው ሁለት እኩል ወፍራም ሽቦ ያለው፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ነው።

ገመዱ ደህና ሆኖ ቁጥሩ አሁንም ከዘለለ የካቢኔቱን ጃክ ዳዶ አጥብቁ። በንዝረት ይላላል።