ፓድ ታይ በቤት ውስጥ፦ ጀማሪ አብሳዮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፓድ ታይ የሚባለው የታይላንድ የተጠበሰ የሩዝ ኑድል በባንኮክ ጎዳናዎች ላይ አንድ ባለሙያ ዎክ ከሚባለው ጎድጓዳ መጥበሻ ፊት ቆሞ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ምግብ ነው። ለሚመለከተው ሰው ሥራው ቀላል ይመስላል። በቤት ሲሞከር ግን ኑድሉ አንዳንዴ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ገንፎ ይድቦለቦላል፣ አንዳንዴም ደርቆና ተሰባብሮ ይቀራል፤ ጣዕሙም ከስኳር በቀር ሌላ ነገር የሌለበት ይሆናል። አብዛኞቹ እነዚህ ጉድለቶች ከቅመም ማነስ ሳይሆን ከውኃ የሚመጡ ናቸው። ኑድሉ መጥበሻ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ምን ያህል ውኃ እንደጠጣ፣ መጥበሻው ላይ ምን ያህል ውኃ እንደተጠራቀመና ያ ውኃ በምን ፍጥነት እንደሚተን ያላስተዋለ አብሳይ ግብዓቱን ሁሉ አሟልቶ ቢገዛም ውጤቱ አያምርለትም።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የሩዝ ኑድልን እንደ ፓስታ መቀቀል ነው። ፓስታ ከስንዴ ስለሚሠራ በውስጡ ያለው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን ቅርጹን ይይዝለታል፤ በፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቢያልፍበትም ወዲያውኑ አይፈርስም። የሩዝ ኑድል ግን ግሉተን ስለሌለው የሚያያይዘው የራሱ ስታርች (የእህሉ ዱቄታማ ክፍል) ብቻ ነው፤ ይህም ስታርች ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ውኃ እየጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ውጫዊ ገጹም ይጣበቃል። ተቀቅሎ የበሰለ ኑድል ወደ መጥበሻ ሲገባ ከዚያ በላይ ፈሳሽ የመጠጣት አቅም ስለማይኖረው ሶሱ ወደ ውስጡ ሳይዘልቅ ላዩን ብቻ ቀብቶት ይቀራል፤ ጥቂት ሲገላበጥም ይቆራረጣል። ትክክለኛው መንገድ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ደረቅ ኑድል በተራ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት መዘፍዘፍና ከዚያ በደንብ ማጠንፈፍ ነው። በጣት ላይ ሲጠቀለል ሳይሰበር የሚታጠፍ፣ ሲነከስ ግን ገና ጥሬነት ያለው ከሆነ ደርሷል ማለት ነው፤ የቀረውን ብስለት የሚያገኘው መጥበሻው ላይ፣ ሶሱን እየጠጣ ነው። በብዙ ማሸጊያዎች ላይ የሚነበበው «የፈላ ውኃ አፍስሱበት» የሚለው መመሪያ ለሾርባ የሚሆን ኑድልን ታሳቢ ያደረገ በመሆኑ ለጥብስ ባይከተሉት ይሻላል። በታይላንድ ለዚህ ምግብ በተለይ የሚመረጠው ሴን ቻን የሚባለው ኑድል ሲሆን ስሙን ያገኘው በምሥራቅ ታይላንድ ከምትገኘው ከቻንታቡሪ ግዛት ነው፤ የሚወደደውም ሲገላበጥ ጠንክሮ ስለሚቆይ ነው።

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የሚያበስል ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ ይኖርበታል። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ መጥበሻው ላይ ያለው ሶስም የሚፈላውና የሚተነው ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ባነሰ ሙቀት ነው። ስለዚህ ባንኮክ ላይ ተጽፎ የመጣ የአሠራር መመሪያ «2 ደቂቃ» ቢል እዚህ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜና ጥቂት ማንኪያ ተጨማሪ ውኃ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ሰዓቱን ከማመን ኑድሉን እየቀመሱ መወሰን ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተት ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥበስ ነው። በባንኮክ ማሃ ቻይ ጎዳና ላይ እንደሚገኘው እንደ ቲፕሳማይ ያሉ ዝነኛ ምግብ ቤቶች የሚሠሩት በተፋፋመ የከሰል እሳት ላይ ነው፤ የቤት ምድጃ የሚሰጠው ሙቀት ከባለሙያ የዎክ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። በዚህ አነስተኛ ሙቀት ላይ የ4 ሰው ኑድል ሲጫን መጥበሻው ይቀዘቅዛል፤ ከኑድሉ፣ ከሽሪምፑና ከአትክልቱ የሚወጣው ውኃም ከመትነን ይልቅ ከሥር ይጠራቀማልና ምግቡ መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል። በአንድ ዙር ቢበዛ የ2 ሰው፣ ማለትም ወደ 120 ግራም የሚደርስ ደረቅ ኑድል ብቻ መሥራት ይገባል። ለ6 እንግዶች 3 ጊዜ መጥበስ አድካሚ ቢመስልም ግብዓቱ ቀድሞ ከተዘጋጀ እያንዳንዱ ዙር የሚወስደው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ያህል ነው። ዎክ የለኝም ብሎ መተውም አያስፈልግም፤ ጠፍጣፋ በሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ከታች ክብ ከሆነ ዎክ ይልቅ ሰፊና ከባድ የብረት መጥበሻ የተሻለ ሙቀት ይይዛል። የማያጣብቅ ሽፋን ያለው መጥበሻ ግን ባዶውን በኃይለኛ እሳት መጣድ የለበትም፤ ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል መበላሸትና ጎጂ ጭስ ማውጣት ይጀምራል።

በእኛ ማዕድ ቤት ያደገ ሰው በቀላሉ የሚሳሳተው ደግሞ ሽንኩርቱ ላይ ነው። ለወጥ የሚሆን ቁሌት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሽንኩርቱ በዝግታ እየበሰለና እየሟሟ ሄዶ የወጡ መሠረት ይሆናል። ፓድ ታይ ይህን አይፈልግም። ጥቂት በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በጋለ ዘይት ውስጥ ገብተው መዓዛቸው እስኪወጣ ድረስ ብቻ፣ ይኸውም ከግማሽ ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ይገላበጣሉ። ከዚያ በፊት ሽሪምፑና በትንንሹ የተቆረጠው ጠንካራ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ለየብቻ ተጠብሰው ወጥተው መቀመጥ አለባቸው፤ ሽሪምፕ ከኑድሉ ጋር እስከ መጨረሻው ከቆየ እንደ ጎማ ይደርቃልና። ከሽንኩርቱ ጋር አብረው የሚገቡት ደረቅ ትናንሽ ሽሪምፖችና በጨው የተያዘ ፍጅል በአብዛኛው የቤት ሙከራ ውስጥ የማይገኙ ናቸው፤ የሚገኙ ከሆነ ግን በጥቂቱ ቢጨመሩ የምግቡን ጣዕም በእጅጉ ያጠልቁታል።

ስለ ሶሱ በሰፊው መነጋገር ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ምግቡን ከማንነቱ ያርቀዋልና። ኑድልንም በዎክ መጥበስንም ወደ ታይላንድ ያመጡት ቻይናውያን ስደተኞች ናቸው። ከ1938 እስከ 1944 በጠቅላይ ሚኒስትርነት አገሪቱን የመሩት ፊልድ ማርሻል ፕሌክ ፒቡንሶንግክራም፣ በ1939 የአገሪቱን ስም ከሲያም ወደ ታይላንድ የለወጠው መንግሥታቸው ብሔራዊ ስሜትን ለማጠናከር ባካሄደው ዘመቻ ሕዝቡ ኑድል እንዲመገብ አበረታተዋል፤ ፓድ ታይም በዚያ ዘመን ተስፋፋ። የአጠባበሱ ስልት ቻይናዊ ሆኖ ሳለ ምግቡን ታይ ያደረጉት ሦስት ጣዕሞች ናቸው፦ በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ ሁመር በሚል ስም የሚታወቀው፣ በዐረብ አገሮች ደግሞ ተምር ሂንዲ እየተባለ የሚሸጠው ፍሬ የሚሰጠው ኮምጣጣነት፣ የዓሣ ሶስ ጨዋማነትና የዘንባባ ስኳር ጣፋጭነት። ለ2 ሰው 4 የሾርባ ማንኪያ የሁመር ጭማቂ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የዓሣ ሶስና 35 ግራም ያህል የዘንባባ ስኳር ጥሩ መነሻ ነው፤ የዘንባባ ስኳር ካልተገኘ ቡናማ ስኳር ይተካዋል።

የሁመሩን ጭማቂ ለማዘጋጀት የፍሬው ሥጋ በሞቀ ውኃ ተዘፍዝፎ በእጅ ይታሻል፣ ዘሩና ጭረቱ እንዲቀርም በወንፊት ይጠለላል። በጠርሙስ የሚሸጠውን የሚጠቀም ሰው ከመለካቱ በፊት ይቅመሰው፤ ከሕንድ የሚመጣው ጥቁርና ወፍራም ዝግጅት ከታይላንዱ ቀላ ያለ ፈሳሽ እጅግ የበረታ በመሆኑ በተመሳሳይ መጠን ቢገባ ምግቡን ያበላሸዋል። ሦስቱም በትንሽ ድስት ውስጥ ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ መሞቅ አለባቸው። ስኳሩን በቀጥታ መጥበሻው ላይ መጣል እርሱ እስኪሟሟ ኑድሉ እንዲበሰብስ ማድረግ ነው። የተዘጋጀው ሶስ በማንኪያ ሲቀመስ ሦስቱም ጣዕም በአንድ ላይ ምላስን የሚነካ፣ ለብቻው ለመጠጣት የሚከብድ ያህል ብርቱ መሆን አለበት፤ ጣዕም የሌለው ኑድል ሲጨመርበት ይለዝባልና። ጣዕሙ መስተካከል ያለበት እዚህ ድስት ውስጥ ነው።

ሁመር ስላልተገኘ በካቻፕ መተካት በብዙ አገሮች የተለመደ ቢሆንም እኔ አልመክረውም፤ ቀይ ቀለምና የቲማቲም ጣፋጭነት ከመስጠት አልፎ የሁመርን ጥልቅ ኮምጣጣነት አያመጣም። ኮምጣጤም በጋለ መጥበሻ ላይ ሲፈስ ጠረኑ ተንኖ ዓይንን ከማቃጠሉ ሌላ ስለታም ጣዕም ይተዋል። ጥቁር አኩሪ አተር ሶስ መጨመር ደግሞ ሌላ ምግብን ከዚህ ጋር ማደባለቅ ነው፤ እርሱ የሚገባው ሰፋፊ ትኩስ የሩዝ ኑድልና ካና የሚባለው ቅጠል በሚጠበሱበት ፓድ ሲ ኢው ውስጥ ነው። ሁመር እስኪገኝ ድረስ ያንን መሥራት በካቻፕ ከተሠራ ፓድ ታይ ይሻላል።

የዓሣ ሶስ ጠርሙሱ ሲከፈት ጠረኑ የከበዳቸው ሰዎች ሊተዉት ይፈልጋሉ። ይህ ፈሳሽ አንቾቪ የሚባለው ትንሽ የባሕር ዓሣ ከጨው ጋር ለአንድ ዓመት ገደማና ከዚያም በላይ ተብላልቶ የሚወጣ ነው፤ መጥበሻው ላይ ሲሞቅ ያ ጠረን ይጠፋና ጥልቅ ጣዕሙ ብቻ ይቀራል። በጣም ጨዋማ ስለሆነ ሌላ ጨው መጨመር አያስፈልግም። በጾም ወቅት ለሚሠራው ግን ቀለሙ ፈካ ያለው አኩሪ አተር ሶስ ከጥቂት ጨው ጋር ይተካዋል፤ ሽሪምፑና እንቁላሉ ቀርተው ቶፉው ይበዛል። በታይላንድም በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር ለዘጠኝ ቀናት ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚታቀቡ ሰዎች ስላሉ የዓሣ ሶስ የሌለበት ፓድ ታይ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም።

የጠነፈፈው ኑድልና ሶሱ አብረው መጥበሻው ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚታየው ስህተት ያለማቋረጥ ማማሰል ነው። ኑድሉ በሁለት መገልበጫ ከሥር እየተነሣ ቀስ ብሎ መገላበጥ፣ በመካከሉም ለጥቂት ሰከንዶች ሳይነካ መቆየት አለበት። ሶሱ ተጠጥቶ ኑድሉ ገና ጠንካራ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ጠብ ማድረግና መልሶ መቅመስ ይገባል። አንድ ብርጭቆ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ግን የማይመለስ ጥፋት ነው።

እንቁላሉን በእርጥብ ኑድል ላይ መስበርም እንዲሁ መወገድ ይኖርበታል፤ ፈሳሹ ኑድሉን ለብሶ ሙሉውን ያለሰልሰዋል። ኑድሉ ሶሱን ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ወደ መጥበሻው አንድ ጎን ተገፍቶ ባዶው ቦታ ላይ ጥቂት ዘይት ይፈስሳል፣ እንቁላሉም ተሰብሮ በግማሽ ሲረጋ ኑድሉ ይመለስበታል።

የማሾ በቆልትና የሽንኩርት ቅጠሉ የሚገቡት በመጨረሻ፣ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ነው። በቆልት አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ስለሆነ ቀድሞ ከገባ እስከዚህ ድረስ የተጠነቀቅንበትን ሁሉ በአንድ ደቂቃ ያበላሸዋል፤ የተወሰነውም ጥሬውን ከሳህኑ ጎን ይቀርባል። በታይላንድ የሚገባው ጠፍጣፋ ቅጠል ያለው የሽንኩርት ዘር ካልተገኘ የቅጠል ሽንኩርት አረንጓዴው ክፍል በጣት ርዝመት ተቆርጦ ይተካዋል። ለውዙ ተቆልቶ በደንብ ሳይደቅ የተወቀጠ መሆን አለበት፤ የለውዝ ቅቤ ሶሱን ስለሚያወፍረው ቦታው እዚህ አይደለም። ለማቃጠል የሚቀርበውም የተቆላ ደረቅ ቃሪያ ዱቄት ብቻ ነው፤ በርበሬም ሆነ ሚጥሚጣ በውስጣቸው ያሉት ኮረሪማን የመሰሉ ቅመሞች የሁመሩን ጣዕም ይሸፍኑታል። በአገራችን ገበያ የሚገኘው ትንሹ ሎሚ ለዚህ ምግብ ተስማሚ ነው፤ መዓዛው በእሳት ስለሚጠፋ ግን የሚጨመቀው ሳህን ላይ ነው።

የተረፈው ምግብ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር የሩዙ ስታርች መልሶ ስለሚጠነክር ኑድሉ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል። በመጥበሻ ላይ በአነስተኛ እሳት አንድ ሁለት ማንኪያ ውኃ ተረጭቶበት፣ ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ ያህል በእንፋሎት ቢሞቅ ልስላሴው ይመለሳል፤ እንደሚተርፍ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነም በቆልቱንና ለውዙን ሳይቀላቅሉ ማስቀመጥና ሲሞቅ አዲስ መጨመር ይሻላል።