ከባድ የታሪክ ፊልም ለታዳጊ ልጅ ይሆናል አይሆንም? እንዴት እንወስን
ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ደም ሲቆጥር ነው፤ ጦርነት ካለበት አይሆንም፣ ከሌለበት ይሁን ይላል። የ14 ዓመት ልጅን እንቅልፍ የሚነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተኩሱ አይደለም። እናት ልጇን ስትነጠቅ፣ ሽማግሌ በልጆቹ ፊት ሲዋረድ፣ ሊያድን የሚችል ሰው አይቶ ሲያልፍ ማየቱ ነው።

የዕድሜ ምልክቱን መነሻ አድርጉት እንጂ አትተማመኑበት። በአሜሪካ ፒጂ 13 የሚባለው ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ አጥብቆ ይጠንቀቅ ማለት ነው። አር ከሆነ ደግሞ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲኒማ ቤት የሚገባው ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው፣ ስለ ሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ የሚያወራው «ሆቴል ሩዋንዳ» ፒጂ 13 ነው፤ ብዙው ግድያ በቀጥታ አይታይም። ሆኖም በጭጋግ ውስጥ የሚሄደው መኪና ሲንገጫገጭ፣ ጎማው የሚወጣው ሬሳ ላይ መሆኑ የሚታወቅበት ቦታ አለ። አንድም ጥይት አይተኮስም፤ ልጅ የማይረሳው ግን እሱን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ብቻችሁን፣ እስከ መጨረሻው እዩት። ደብተር ያዙ፤ የከበዳችሁ ቦታ ሲደርስ ደቂቃውንና ምን እንደሆነ በአንድ ቃል ጻፉ፦ ድብደባ፣ መደፈር፣ ስቅላት። ድምፁን አትቀንሱ፤ ፍርሃቱ ግማሽ በግማሽ የሚመጣው በጆሮ ነው። የቅጂውን ርዝመትም አረጋግጡ። «ሆቴል ሩዋንዳ» 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ በፍላሽ ያገኛችሁት 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ከሆነ ተቆርጧል፣ ልጁ ግን ሙሉውን ከጓደኛው ስልክ ሊያገኘው ይችላል። ትርጉም ፊልም ከሆነ ተራኪው ከራሱ የሚጨምረውም የሚተወውም ስላለ፣ ልጁ የሚያየውን ያንኑ ቅጂ እዩ።

ከዚያ የጻፋችሁትን መርምሩ። ካሜራው ቁስሉ ላይ ምን ያህል ይቆያል? ከከባዱ ቦታ በኋላ ልጁ የሚተነፍስበት ጊዜ አለ ወይስ ሌላ ይደረብበታል? ተጎጂው ስምና ሕይወት ያለው ሰው ነው ወይስ የሚወድቅ አካል ብቻ? ሁለተኛው ዓይነት ልጅን ያደነዝዛል፤ ከሚያስለቅሰው ይልቅ እሱን ፍሩ። መደፈር በግልጽ የሚታይበትን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባታሳዩ ይሻላል።

ቀጥሎ ልጁን እዩ። በቅርቡ ሰው የሞተበት ወይም ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ ከሆነ ለጊዜው ይቆይ። ፊልሙ ስለ ቀይ ሽብር ከሆነ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወንድም ወይም ልጅ ያጡ አያት ቤት ውስጥ ካሉ አስቀድማችሁ አማክሯቸው።

ጅማ ላላችሁ፣ የባሪያ ንግድን የሚያሳይ ፊልም ለብቻው ይታሰብበት። የጅማው ሂርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ጭምር ይሸጥበት የነበረ ትልቅ ገበያ ነው፤ ባርነት በ1934 ዓ.ም. አዋጅ የተሻረም በአያቶቻችን ዘመን ነው። ፊልሙን በክፍል ያዩ ልጆች አንዱ የሌላውን ዘር ሊያነሱ፣ ከፊልሙ የሰሙት ስድብም በማግስቱ ግቢ ውስጥ ሊጠሩበት ይችላሉ። መምህር ከሆናችሁ ያንን ቃል ከፊልሙ በፊት አንስታችሁ ተነጋገሩበት፤ በኋላ ከሆነ ልጁ ተሰድቦ አልቋል።

የምታሳዩት በቀን ይሁን፣ ቅዳሜ 8 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። ታናናሾቹን ጎረቤት ላኩ። መብራት ቢጠፋ እንዳይቋረጥ ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፤ ከከባዱ ትዕይንት ላይ የተቋረጠ ፊልም መጨረሻው ስለማይታወቅ ሌሊቱን ሙሉ በልጁ አእምሮ ይቀጥላል። የምትዘሉት ካለ «እዚህ ጋ ሰው ሲገረፍ ያሳያል፣ እናልፈዋለን» በሏቸው። ዝም ብላችሁ ካሳለፋችሁት ፈልገው ብቻቸውን ያዩታል።

ሲያልቅ ቡና አፍሉ፣ አትበተኑ። «ወደዳችሁት?» ከማለት «የትኛው ሰው አሳዘናችሁ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የትኛው ገጸ ባሕርይ በእውነት የነበረ፣ የትኛው የተፈጠረ እንደሆነ ለዩላቸው። መናገር ያልፈለገውን አታስገድዱ፤ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ራሱ ያነሳው ይሆናል።

ለሁለት ሦስት ቀን ዝም ማለትና ደጋግሞ መጠየቅ ያለ ነው። ቅዠቱ፣ ብቻዬን አልተኛም ማለቱ ወይም ትምህርት መጥላቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰዱት፣ ጅማ ላላችሁ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል፤ ያየውን ፊልምና የከበደውን ቦታ ከደብተራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።