ራዲያተሩ ውስጥ ቡና በወተት የመሰለ ውሃ፦ ከማጠብ በፊት ምንነቱን ለዩ

የራዲያተሩን ውሃ ቡና በወተት መስሎ ካገኛችሁት ቶሎ ብላችሁ አታፍስሱት። ቆሻሻው ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ እሱ ራሱ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈቱና ትንሽ ቀድታችሁ በብርጭቆ ውሃ ላይ ጨምሩ። ዝገት ከሆነ ይዘቅጣል፣ ጣት ላይም ይሻክራል። ዘይት ከሆነ ይንሳፈፋል፣ ያሟልጫል።

ዝገቱ ቀላሉ ነው፤ ያለ አንቲፍሪዝ የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላ የኖረ መኪና ምልክት ነው። እንዲህ ያለው መኪና አዲስ አበባ ላይ ክዳኑም ከላላ ቶሎ ያፈላል፤ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና።

ዘይት ከሆነ ግን ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው ወይስ ማንዋል? ማንዋል ከሆነ የምትጠረጥሩት የሞተር ዘይትን ብቻ ነው። አውቶማቲክ ከሆነና ውሃው እንጆሪ ጁስ ከመሰለ፣ ብዙ መኪኖች ላይ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ኩለር (የዘይት ማቀዝቀዣ) ስለሆነ እሱ ተበስቷል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩት ኒሳን ፓዝፋይንደሮች በዚህ ይታወቃሉ። ለማረጋገጥ ሁለቱን የካምቢዮ ቱቦዎች ከራዲያተሩ ፍቱ፤ አንዱን አፍ ድፈኑና በሌላው ከ2 ባር ያልበለጠ አየር ስጡ። በውሃ በተሞላው ራዲያተር አፍ ላይ አረፋ ከወጣ ራዲያተሩ ይቀየር፤ መበየድ አያዛልቅም። የካምቢዮውም ዘይት ወተት ከመሰለ መኪናውን አታንቀሳቅሱ፤ ውሃ ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የፍሪሲዮኖች (የሰበቃ ዲስኮች) ሙጫ ያላቅቃል። አንዴ ማፍሰስ ከዘይቱ ሲሶ ያህሉን ብቻ ስለሚያወጣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቀየር።

የሞተር ዘይት ሲሆን መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ንጹህ መሆኑ አያታልላችሁ። ሞተሩ ሲሠራ የዘይት ግፊት ከውሃው ስለሚበልጥ ዘይቱ ወደ ውሃው ብቻ ሊያልፍ ይችላል። መጀመሪያ የሞተር ኦይል ኩለሩን ማሸጊያ ጎማዎች እዩ፣ ከቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ በጣም ይረክሳሉ። (የዘይት ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ነጭ ክሬም ብዙ ጊዜ በአጭር ጉዞ የሚጠራቀም እርጥበት ነው።) ሞተሩ በቀዝቃዛው ተነስቶ ወዲያው የላይኛው የራዲያተር ጎማ ከጠነከረ፣ ራዲያተሩ ውስጥ የሚወጣው አረፋም ካላቋረጠ፣ ጓርኒሲዮኑ ነው። የሞተር ጭስ ወደ ራዲያተሩ ውሃ መግባቱን የሚያሳየው የጭስ መመርመሪያ ሰማያዊ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ቴስታታው ይውረድ። ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መግጠም ድካም ነው፤ ቴስታታው መጣመሙ ይለካ። ብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች የሚፈቅዱት 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

እጥበቱ ከጥገናው በኋላ ነው። ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን) አውጡ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጉ፣ ለራዲያተር የተሠራ የዘይት ማጽጃ ጨምራችሁ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ 15 ደቂቃ አሠሩት፤ ሲቀዘቅዝ አፍስሱ። በብርጭቆው ላይ የዘይት ቅባት እስኪጠፋ ደጋግሙት። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አትጠቀሙ፣ አረፋው ፓምፑ ውሃ እንዳይገፋ ያደርጋል። ዘይት ያሳበጣቸውንና ያለሰለሳቸውን ጎማዎች ቀይሩ፣ ቴርሞስታት መልሳችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ ግማሽ አንቲፍሪዝ ግማሽ የተጣራ ውሃ ሙሉ። ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ብርጭቆውን አንዴ ድገሙት፤ ጥቂት ቅባት ቢታይ ቅሪት ነው፣ እየጨመረ ከሄደ ግን ቀዳዳው አልተዘጋም።