ሁላን በእግር ስትጎበኙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሜን እስራኤል ውስጥ ያለው ሁላ ሸለቆ ለእግር ጉዞ የሚከብድ ቦታ አይደለም። ዳገት የለውም፣ መንገድ አያስጠፋም። ችግሩ ሌላ ነው። ሰው ተራራ እንደሚወጣ ሁሉ መንገዱን ለመጨረስ ይጣደፍና ረግረጉን ሳያይ ይመለሳል። ያን ሁሉ ነድቶ ሄዶ!

የመጀመሪያው ስህተት ገና ቤት ሳላችሁ ይሠራል። ዌዝ በሚባለው የስልክ መንገድ ጠቋሚ ላይ «ሁላ» ብላችሁ ብቻ አትነሱ፤ ሁለት ቦታ ነው ያለው። አንደኛው የሁላ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተከለለ፣ በሀገሪቱ የመጀመሪያው ጥብቅ ስፍራ ነው። ሁለተኛው አጋሞን ሁላ ይባላል፤ ታሪኩ ትንሽ ያሳዝናል። ከ1951 እስከ 1958 ባሉት ዓመታት ሐይቁና ረግረጉ ለእርሻ ተብሎ እንዲደርቅ ተደረገ። ውሃው ሲሄድ ከበሰበሰ ተክል የተሠራው ጥቁር አፈር ደረቀ፣ ነፋስ ወሰደው፣ ከሥር እሳት ያዘው፣ መሬቱም ሰጠመ። ከማሳው የሚታጠበው ንጥረ ነገር ደግሞ ወደ ኪኔሬት ሐይቅ መውረድ ጀመረ። በመጨረሻ በ1994 ከፊሉን መልሰው በውሃ ሞሉት። አጋሞን ማለት ያ ነው።

ለጎብኚ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ጥብቅ ስፍራው አጭር መንገድ አለው፤ በእንጨት ድልድይ በረግረጉ ላይ ያሳልፋችኋል። ዳርና ዳሩ ደንገል ነው፣ ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ያው ደንገል። ሽማግሌም ሕፃን የያዘም ይችለዋል። አጋሞን ግን ዙሩ ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መኪና አይገባም፣ ያልቻለ ብስክሌት ይከራያል። እናታችሁን ይዛችሁ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ስልክ ደውላችሁ ክፍት መሆኑን ጠይቁ፤ በሰሜን በኩል ነገሮች ቶሎ ይለዋወጣሉ።

ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ረፋድ ላይ መድረስ ሌላው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። አብዛኛው ሰው የሚመጣው በዕብራይስጥ አጉር ለሚባሉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች ነው። ከኦክቶበር ጀምረው ይመጣሉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት እስከ ማርች ድረስ እዚያው ይከርማሉ። ሌሊቱን ቀበሮ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጨለማው ሳይለቅ ጫጫታው ይጀምራል፤ የጥሩምባ ዓይነት የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ነው። ከዚያ አንድ መንጋ ይነሳል፣ ሌላው ይከተላል። ብርሃኑ ሲጠና ብዙዎቹ ወደ ማሳ ተበትነዋል። ጠዋት ያመለጠው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሲመለሱ ያያቸዋል፤ ግን የመዝጊያ ሰዓቱን አስቀድማችሁ አጣሩ።

በቆሎ ሲበተንላቸው ብታዩ አይግረማችሁ። የገበሬውን ኦቾሎኒ እየለቀሙ ስላስቸገሩ የራሳቸው መመገቢያ ማሳ ተለይቶላቸዋል። ሁሉም ግን እዚያ አይቀሩም። ከፊሎቹ ጉዟቸውን ቀጥለው ኢትዮጵያ ይገባሉ፤ ጣና ዙሪያም ይከርማሉ። የባሕር ዳር ሰው ከሆናችሁ ምናልባት በልጅነታችሁ አይታችኋቸዋል።

«ዙሩን ካልጨረስኩ» ማለትስ? እስቲ ተዉት። ስልክ ላይ እርምጃ መቁጠር ለሌላ ቀን ይሁን። መመልከቻ ጎጆ ስታገኙ ግቡና ሩብ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ጥቁርና ነጭ የሆነች ዓሣ አጥማጅ ወፍ አለች፤ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች፣ ከዚያ በአፍጢሟ ውሃው ውስጥ ትወረወራለች። ሲራመድ የሚያልፍ ሰው የሚሰማው ቧ የሚለውን ብቻ ነው። አለመቸኮል ምን እንደሚያስገኝ የሁላ እንቁራሪት ምስክር ናት፦ በ1996 ከምድር ጠፍታለች ተብሎ ታወጀ፣ በ2011 እዚያው ረግረግ ውስጥ ተገኘች። እናንተ ታገኟታላችሁ ማለቴ ግን አይደለም።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ንጋት ላይ ሸለቆው ይበርዳል፣ ጭጋግም አለው፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ አጋሞን ላይ ጥላ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ስለዚህ የሚደራረብና የሚወልቅ ነገር፣ ኮፍያ፣ ውሃ፣ የትንኝ ቅባት። ባይኖኩላር ከሌላችሁ ተዋሱ፤ ያለሱ ግማሹን አታዩትም።

ዳቦ መወርወርም አለ፤ ልጆች በጣም ይወዱታል። ድልድዩ ሥር አምባዛ አፉን ከፍቶ ሲዞር ማን ያስችለዋል? ብርቱካናማ ጥርስ ያለው ኑትሪያ የሚባል እንስሳም ዳር ላይ ሣር ሲግጥ ይገኛል፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፣ ሰው አይፈራም። ቢሆንም አታብሏቸው። ዳቦ ምግባቸው አይደለም፤ የለመደ እንስሳ ደግሞ ሰው እየተከተለ ያስቸግራል።

የወደቀ ወይም መነሳት ያቃተው ወፍ ካያችሁ ደግሞ፣ አዝናችሁም ቢሆን፣ አታንሱት። በ2021 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን ገብቶ እዚያው በሺዎች የሚቆጠሩ አጉሮችን ገድሏል። ልጆቹን ራቅ አድርጉና ለሠራተኞቹ ንገሩ። ላባም ቢሆን ለቤት ማስጌጫ ብላችሁ አትልቀሙ።