ውሃ ስናክም የምንሠራቸው ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ውሃውን በዓይን መመዘን ነው። ኩልል ያለ ውሃ ኮሌራና ታይፎይድ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል። ከመሬት ወደ ውሃ የሚገቡት ጎጂ ኬሚካሎች፣ ፍሎራይድና አርሴኒክም ቢሆኑ ቀለም ወይም ሽታ የላቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ውሃው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ዘዴው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመር ሌላው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። ክሎሪን ጀርሙን ብቻ ለይቶ አያጠቃም። ከአፈሩና ከብስባሹ ጋር ሲታገል እዚያው ያልቃል። ጀርሞቹ ደግሞ በጭቃው ቅንጣት ተከልለው ይተርፋሉ። ውሃውን አስቀምጡት፣ ይዝቀጥ። ከላይ የጠለለውን ቀስ ብላችሁ በንጹህ ጨርቅ አጥልሉት። ከዚያ ክሎሪኑን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩና ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም በላይ ይቆይ። በመጨረሻ አሽትቱት። ትንሽ የክሎሪን ሽታ ካለው ጥሩ ነው፤ ጭራሽ ካልሸተተ ክሎሪኑ ተሟጦ ሊሆን ይችላል። በረኪና ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ሽቶ ወይም ሌላ ማጽጃ የተቀላቀለበት አይሁን።

ካፈላሁት አበቃ ማለትም አያዋጣም። ለጀርም ከሆነ ማፍላትን የሚያህል የለም። ክሎሪን የማይበግረውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለ ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ እንኳ ይገድላል። ውሃው ተንተክትኮ 1 ደቂቃ ከቆየ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ግን 3 ደቂቃ ይቆይ። እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነውና። ፍሎራይድን፣ አርሴኒክንና ናይትሬትን (ከማዳበሪያና ከፍሳሽ ወደ ውሃ የሚገባ ኬሚካል) ግን እሳት አያጠፋቸውም። ውሃው እየተነነ ሲያንስ እንዲያውም ይበልጥ ይጠነክራሉ። ናይትሬት የበዛበትን ውሃ አፍልታችሁ ለጨቅላ ሕፃን ወተት እንዳትበጠብጡበት፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል።

ማጣሪያ ሁሉ አንድ አይደለም። የሸክላ ማጣሪያ ባክቴሪያን በደንብ ይይዛል፤ ቫይረስ ግን ከቀዳዳው ስለሚያንስ ሊያልፍ ይችላል። የካርቦን ማጣሪያ ጣዕምና ሽታ ያስተካክላል እንጂ ለጀርም አትተማመኑበት። በጊዜው ካልተቀየረ ደግሞ ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል።

በጣም የሚያሳዝነው ግን ይህን ሁሉ ለፍቶ፣ የታከመውን ውሃ ባልታጠበ ጀሪካን መልሶ መገልበጥ ነው። ወይም ሁሉም በየእጁ ኩባያ እየነከረ ይቀዳበታል። አንድ ያልታጠበ ጣት ይበቃል። ክዳንና ቧንቧ ያለው ዕቃ ካለ እሱን ተጠቀሙ፤ ከሌለ አፉ ጠባብ የሆነ ዕቃ ይሁን፣ አዘንብላችሁ ቅዱ።