የዙር ሰዓት የሚያስጥሉና የኦንላይን ውድድርን ደስታ የሚያጠፉ ስህተቶች

ሲም ሬሲንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ወይም በጌም ማሽን የእውነተኛ መኪና ውድድርን አስመስሎ መንዳት፣ ደስ የሚል መዝናኛ ነው። ማታ ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ካገኛችሁ፣ ሌላ አገር ካለ ሰው ጋር ጎማ ለጎማ እየተናነቃችሁ ሞንዛን መዞር ትችላላችሁ። ግን ብዙ ሰው ጥቂት ሳምንታት ከነዳ በኋላ ሰዓቱ አልሻሻል ይለዋል። ውድድር ሲገባ ደግሞ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ተጋጭቶ ይቀራል። ከዚያ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ መሪውን ጥግ ያስቀምጠዋል። በጣም ያሳዝነኛል። ሰዓት የሚያስጥለውም ውድድር የሚያበላሸውም ያው ጥድፊያ ነው፤ ጥድፊያ ደግሞ ይታረማል።

ለማስረዳት እንዲመቸኝ አንድ ቦታ ልምረጥ። ሚላን አጠገብ ያለው የሞንዛ ትራክ ይሁን። 5.793 ኪሎ ሜትር ነው፤ 11 ኩርባዎች አሉት። መኪናው ጂቲ3 (ከመንገድ ስፖርት መኪና የተሠራ የውድድር መኪና)፣ ጨዋታው አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ ነው እንበል። ግራን ቱሪዝሞ 7 ወይም አይሬሲንግ የምትጫወቱ ከሆነም ነገሩ ብዙም አይለወጥባችሁም።

ፍሬን ዘግይቶ መያዝን እንደ ፍጥነት መቁጠር

ጀማሪ ሰዓት ማሻሻል ሲያምረው መጀመሪያ የሚነካው ይሄንን ነው። የሞንዛ ዋናው ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዋ ሺኬን፣ ማለትም ፍጥነት ለመቀነስ የተሠራች የቀኝና የግራ ጠባብ መታጠፊያ፣ አለች። ጂቲ3 መኪና እዚያ የሚደርሰው በሰዓት ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው። ሺኬኗን ለመግባት ግን ወደ 80 ገደማ መውረድ አለበት። ነጂው ትናንት ፍሬን ከያዘበት ምልክት ዛሬ አሥር ሜትር አሳልፎ ይሞክራል። መኪናዋ ፍጥነቷን መቀነሷ አይቀርም፤ ግን ከመስመሯ ወጥታ ነው። አፔክሱን፣ ማለትም የኩርባውን ውስጠኛ ጫፍ፣ ትስተዋለች። ሁለተኛውን መታጠፊያ በጠባቡ ትገባለች። ነጂውም ነዳጅ የሚረግጠው ዘግይቶ ይሆናል።

ከሺኬኗ ቀጥሎ ያለው ኩርቫ ግራንዴ ነው። ሙሉ ነዳጅ የሚረገጥበት ረጅም የቀኝ ኩርባ ነው። ስለዚህ ከሺኬኗ ሲወጣ የጎደለችው ፍጥነት እስከ ሁለተኛዋ ሺኬን ድረስ እንደጎደለች ትሄዳለች። መግቢያው ላይ የተገኘችውን ትርፍ መውጫው ከነወለዱ ይወስዳታል።

መፍትሔው ለጊዜው ወደ ኋላ መመለስ ነው። ከመንገዱ ዳር ያሉትን የርቀት ሰሌዳዎች ምልክት አድርጉና፣ ከለመዳችሁት ቀደም ብላችሁ ፍሬን ያዙ። ዓይናችሁ ከኩርባው ስትወጡ ያለው ፍጥነት ላይ ይሁን። በተከታታይ አፔክሱን ሳትስቱ መዞር ስትችሉ ብቻ ምልክታችሁን በትንሽ በትንሹ ወደ ፊት ግፉት።

ፍሬኑን በአንድ ጊዜ መልቀቅ

ሁሉም ሰው ስለ ፍሬን አያያዝ ያወራል፤ ስለ አለቃቀቁ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። መካከለኛ ነጂ የሚያጣው ትልቁ ሰዓት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍሬን ስትረግጡ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ይጫናል። የተጫነ ጎማ ደግሞ አስፋልቱን አጥብቆ ይይዛል። ጎማ ግን አቅሙ ልክ አለው። ለማቆምም ለመታጠፍም የሚከፍለው ከዚያችው አቅም ነው። እንደ ደሞዝ ነው፤ ለቤት ኪራይ ያወጣችሁት ለአስቤዛ አይተርፍም። ስለዚህ ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ አቅሙን በሙሉ ለፍሬን መስጠት ትችላላችሁ። መሪውን ማዞር ስትጀምሩ ግን በዚያው ልክ ፍሬኑን እያላላችሁ መሄድ አለባችሁ። ትሬይል ብሬኪንግ የሚባለው ይሄው ነው።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ከዚህ ይለያል። ፍሬኑን ይረግጣል፣ በአንዴ ይለቅቃል፣ ከዚያ መሪውን ያዞራል። ፍሬኑ ድንገት ሲለቀቅ የፊት ጎማዎቹ ላይ የነበረው ጫና ይነሳል። አፍንጫዋ ይቀልላል፣ መኪናዋም አልታጠፍ ትላለች። ነጂው መኪናዋ የተበላሸች ይመስለዋል። ሌላው ሰው ደግሞ በተቃራኒው ኤቢኤስ አለ ብሎ ሙሉ ፍሬን እንደረገጠ ወደ ኩርባው ይገባል። እሷም አትታጠፍም። ኤቢኤስ ጎማው እንዳይቆለፍ ይከላከላል እንጂ የጎማውን አቅም አይጨምርም።

ልምምዱ ቀላል ነው። ብቻችሁን ልምምድ ግቡና አንድ ኩርባ ምረጡ። ሞንዛ ላይ ሌዝሞ የሚባሉት ሁለቱ የቀኝ ኩርባዎች ለዚህ ጥሩ ናቸው። መጀመሪያ ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡ። መሪው መዞር ሲጀምር እግራችሁን ቀስ እያላችሁ አንሱ፤ አፔክሱ አካባቢ ሲደርስ ፍሬኑ እንዲያልቅ። ከዚያ ሪፕሌዩን፣ ማለትም የነዳችሁትን ቅጂ፣ ክፈቱና የፍሬን ፔዳሉን ማሳያ እዩ። ቶሎ ወጥቶ ወደ ታች እየተንሸራተተ መውረድ አለበት። እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ከወረደ ገና ነው።

አንዳንድ ፔዳሎች የእግራችሁን ርቀት ይለካሉ። ሎድ ሴል ያላቸው ደግሞ የጫናችሁትን ኃይል ይለካሉ። እግር ከርቀት ይልቅ ኃይልን በደንብ ያስታውሳል። ገንዘብ ካላችሁና አንድ ዕቃ ብቻ ልትቀይሩ ከሆነ፣ ከመሪው በፊት ፔዳሉን ቀይሩ።

መሪውን ከመጠን በላይ መጠምዘዝ

አፍንጫዋ አልታጠፍ ስትል እጅ በራሱ መሪውን የበለጠ ያዞራል። የፊት ጎማ ግን ከተወሰነ አንግል በላይ ሲዞር ተጨማሪ ጉልበት አያገኝም፤ መንሸራተትና መጋል ብቻ ይሆናል። መሪው እጃችሁ ላይ ድንገት ከቀለለ፣ ጎማውም መጮህ ከጀመረ፣ አቅሙን አልፋችኋል ማለት ነው። መሪውን ትንሽ መልሱት፤ ይይዛል።

ረግጦ መልሶ መልቀቅ

ከኩርባ ስትወጡ ነዳጅ ረግጣችሁ፣ ወዲያው ደግሞ መልቀቅ ካስፈለጋችሁ፣ ቀድማችሁ ነው የረገጣችሁት። ትንሽ ጠብቃችሁ አንዴ ረግጣችሁ እስከ መጨረሻው መሄድ ይፈጥናል። ፓራቦሊካ ላይ ይሄ በደንብ ይታያል። የሞንዛ የመጨረሻው ኩርባ ነው፤ ከ2021 ወዲህ የሚጠራው በሚኬሌ አልቦሬቶ ስም ነው። ከእሱ በኋላ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥታ መንገድ አለ። እዚያ ሲወጡ አንዴ ነዳጅ ማመንታት ሙሉውን መንገድ ያስከፍላል። ቀድሞ ረግጦ ከመስመር መውጣት ደግሞ የዙሩን ሰዓት ያሰርዛል።

አፍንጫ ሥር ማየት

ዓይናችሁ ያለበት ቦታ እጃችሁን ይመራል። ፍሬን ስትይዙ አፔክሱን፣ አፔክሱ ስትደርሱ መውጫውን እዩ። ይሄን የሚያከብደው አንዱ ነገር የተሳሳተ የእይታ ስፋት ነው፤ በጨዋታዎቹ ሴቲንግ ውስጥ ኤፍኦቪ ይባላል። ሰፋ አድርጎ መጫወት ፍጥነት ያለ ያስመስላል፤ ኩርባው ግን ሩቅና ትንሽ ይሆናል፣ ርቀት መገመትም ያስቸግራል። 27 ኢንች ስክሪን ከዓይናችሁ 70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ፣ ትክክለኛው አግድም ስፋት 46 ዲግሪ አካባቢ ነው። መጀመሪያ ቱቦ ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። ትለምዱታላችሁ። ዳርና ዳሩን ለማየት ትንሽ ብታሰፉት ችግር የለውም። ስክሪኑን ወደ መሪው ማስጠጋት ግን ከሁሉ ይሻላል፤ ወጪም የለውም።

የሌላ ሰው ሴትአፕ፣ የሌላ ሰው ዕቃ

የፈጣን ነጂ ሴትአፕ፣ ማለትም የመኪናውን ማስተካከያ፣ አውርዶ መጫን ብዙ ጊዜ ጀማሪን ያዘገየዋል። ፈጣኖቹ ኋላዋ የላላች መኪና ይመርጣሉ፤ እግራቸው ያውቅበታላ። ለእናንተ ግን በየኩርባው ትሾርባችኋለች። አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ ለእያንዳንዱ መኪና ሴፍ የሚል የተዘጋጀ ሴትአፕ አለው። በእሱ ጀምሩ። መንካት ካማራችሁ የፍሬኑን የፊትና የኋላ ሚዛንና የትራክሽን ኮንትሮሉን (ነዳጅ ሲረገጥ ጎማው ባዶውን እንዳይሽከረከር የሚከላከለውን) ብቻ ንኩ። የቤንዚኑን መጠን ግን እዩ። የ20 ደቂቃ ውድድር ላይ 60 ሊትር ትርፍ ቤንዚን መያዝ ማለት ወደ 45 ኪሎ ሸክም መጫን ነው።

ዕቃም ላይ እንደዚያው ነው። በተለይ አገር ቤት ላለ ሰው መሪ ማስመጣት ከባድ ወጪ ነው። ያገለገለ መሪ ወይም የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ያለው ሰው ሌላ ሳይጠብቅ ይጀምር። ከላይ ያልኩት ፍሬን አለቃቀቅ በጆይስቲክም ይለመዳል።

ከሪከርድ ባለቤቱ ጋር መፎካከር

ሰንጠረዡ አናት ላይ ያለው ሰው ከእናንተ በአራት ሰከንድ ይፈጥናል እንበል። የእሱን ሪፕሌይ አይታችሁ የምትማሩት ጥቂት ነው፤ የምትኮርጁት ፍሬን አያያዝ ደግሞ ግድግዳ ላይ ይሰቅላችኋል። አንድ ሰከንድ ብቻ የሚቀድማችሁን ሰው ፈልጉ። የእሱ ልዩነት የት እንደሆነ ማየት ትችላላችሁ። 11 ኩርባ ላይ በእያንዳንዱ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ማለት እኮ ከአንድ ሰከንድ በላይ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያለው የሰዓት ልዩነት ማሳያም ልብ ይሰርቃል። አረንጓዴ ሆነ ብሎ የሚደሰት ሰው ቀጣዩ ኩርባ ላይ ይስታል። ቀጥታ መንገድ ላይ ብቻ እዩት፤ ካልሆነላችሁ አጥፉት። ደግሞ በየቀኑ መኪናና ትራክ አትቀያይሩ። አንድ መኪና፣ አንድ ትራክ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት። ግባችሁ አንድ ፈጣን ዙር ሳይሆን ልዩነታቸው ከግማሽ ሰከንድ ያልበለጠ አሥር ዙሮች ይሁኑ። እንዲህ መንዳት የሚችል ሰው ውድድር ላይ ከእሱ የሚፈጥኑ ብዙዎችን ቀድሞ ይጨርሳል፤ እነሱ ይሾራላ።

ውድድሩን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ለማሸነፍ መሞከር

አሁን ወደ ውድድሩ እንግባ። በሞንዛ የመጀመሪያዋ ሺኬን ላይ የሚደርሰውን ግጭት ያላየ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጎማው ገና አልሞቀም። ከፊት ያለው መኪና አየሩን ስለሚከፍትላችሁ በልምምድ ከለመዳችሁት በላይ ፈጥናችሁ ትደርሳላችሁ። ያው አየር ስለጎደለ ደግሞ መኪናችሁን ወደ አስፋልት የሚጫናት ኃይል ይቀንሳል፤ ፍሬናችሁ ይረዝማል። በዚያ ላይ ከፊት ያሉት ሁሉ ከወትሮው ቀድመው ይቆማሉ። በልምምድ ምልክታችሁ ላይ ፍሬን ከያዛችሁ ሰው ጀርባ ላይ ናችሁ።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ከፊታችሁ ካለው መኪና በቀጥታ ኋላ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ሁኑ፤ ካልቆማችሁ መውጫ ይኖራችኋል። ሁለት ቦታ ብታጡ እንኳን ከፊታችሁ የሚጋጩት ይመልሱላችኋል። አይሬሲንግ ላይ ደግሞ ሁለት መኪና ሲነካካ ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ የጥፋት ነጥቡ በሁለቱም ላይ ይመዘገባል። «እሱ ነው የገጨኝ» ማለት ደረጃችሁን አያድነውም፤ ግጭቱ ቦታ ላይ አለመገኘት ያድነዋል።

ኔትወርኩን መርሳት

ኦንላይን ስትወዳደሩ የምታዩት መኪና ያለበት ቦታ ግምት ነው። መረጃው እስኪደርሳችሁ ጨዋታው ቦታውን እየገመተ ይስላል። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 75 ሜትር ይጓዛል። ፒንጋችሁ፣ ማለትም መረጃ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ 150 ሚሊሰከንድ ከሆነ በዚያች ጊዜ ውስጥ 11 ሜትር ሄዷል። ቀጥታ መንገድ ላይ ግምቱ ይሰምራል። ፍሬን ሲያዝ ግን ይስታል። ስለዚህ በእናንተ ስክሪን ላይ ክፍተት እያለ በእሱ ስክሪን ላይ ልትነካኩ ትችላላችሁ።

ከአዲስ አበባ አውሮፓ ወዳለ ሰርቨር ገብቶ የሚወዳደር ሰው ይሄን ማሰብ አለበት። በዋይፋይ ፋንታ ኬብል ተጠቀሙ። ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ካለ ውድድሩ እስኪያልቅ ይታገሳችሁ። ሰው አጠገብ ስትሆኑ አንድ የመኪና ወርድ ክፍተት ተዉ፤ ፍሬን ቦታ ላይ ደግሞ ከኋላው አትለጠፉ። ኔትወርኩ ዛሬ እየተቆራረጠ ከሆነ ውድድሩን ትታችሁ ልምምድ ግቡ። የእናንተ መኪና የሚዘለው በሌላው ሰው ስክሪን ላይ ነው፤ የምታበላሹት የእሱን ማታ ነው።

ስትሾሩ ተደናግጦ መመለስ

መኪናዋ ከሾረች ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ ያዙ። የሚመጡት ሰዎች የቆመን መኪና መሸሽ ይችላሉ፤ ወዲያ ወዲህ የሚንከባለለውን ግን አይችሉም። ከዚያ ካርታውን ወይም ስፖኪዮውን እዩ፣ ሁሉም ይለፉ፣ ከዚያ ከዳር በኩል በቀስታ ግቡ። አምስት ሰከንድ ብትጠፋም ጠፋች።

ረጅም ውድድር ላይ መቸኮል

መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ቤት የአንድ ሰዓት ውድድር መጀመር ንዴት መግዛት ነው። ከ15 እስከ 25 ደቂቃ የሚፈጁትን ምረጡ። በክረምታቸው መካከለኛው አውሮፓ ከእኛ በሁለት ሰዓት ይዘገያል። እነሱ ከራት በኋላ ስክሪናቸው ላይ ሲቀመጡ እኛ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ሰርቨሩ የሚሞላው ያኔ ነው፤ ሰው ሲበዛም በደረጃ የሚመጥናችሁ ተፎካካሪ ይገኛል። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ገብታችሁ ጎማና እጅ አሙቁ፣ ሰዓታችሁን አስመዝግቡ፣ አንድ ውድድር በደንብ ነዱ። ሁለተኛው ካማራችሁ ሰዓቱን አይታችሁ ግቡ፤ ነገ ሥራ አለ።